ካርታው በማን ስም ነው?

ደሴ ላይ ለኳስ ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ ደሴዎች። ከኮምቦልቻ፣ ከሀይቅ፣ ከኩታበር የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። የወልዲያ ልጆችም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። ኬን ቤትስ ይባላል። የተወለደው በ1931 ነው። ከ1982 እስከ 2004 የቼልሲ ሊቀመንበር ነበር። ከ2005 እስከ 2013 ደግሞ የሊድስ ዩናይትድ ሆነ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የእኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የቅዳሜ ክርክር ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን ጨዋታው አልቋል፣ ሰው ግን አልተነሳም። አንዱ ልጅ «ቼልሲ ማለት አብራሞቪች ነው፣ ከእሱ በፊት ምን ነበር?» አለ። ክለቡን በ2003 ከቤትስ የገዛውን ሀብታም ማለቱ ነው። እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። አናቴ ላይ ወጣ። «ቤትስ ባይኖር አብራሞቪች የሚገዛው ክለብም አይኖርም ነበር» አልኩት። ይሄኔ ከጥግ በኩል አንድ ሰው ተነሳ። የሊድስ ደጋፊ ነው። ደሴ ውስጥ የሊድስ ደጋፊ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ድምፁን ሳያነሳ «ያ ሰውዬ ክለቤን ገድሎብኛል» አለና ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስታችንም ልክ ነበርን።

ወሎ ውስጥ ሰው ሲዳኝ ወግ አለው። አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን ማለት ነው፣ ደም ሲያደርቁ የገዳዩን ወገን ብቻ፣ ወይም የሟቹን ወገን ብቻ ሰምተው አይነሱም። ሁለቱም ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ይናገራሉ። እኔ ቤትስን እስከዚያ ቀን በአንድ ወገን ብቻ ነበር የሰማሁት። ዛሬ የሁለቱንም ለማቅረብ እሞክራለሁ። የሊድሱን ወንድማችንንም ለምኜ አምጥቼዋለሁ። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው።

ወደ ለንደን ከመሄዴ በፊት ግን የራሴን ሜዳ ላስቀድም። ካልነገርኳችሁ የቤትስ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ አይገባችሁም።

ልጅ ሆነን የምንጫወትበት ሜዳ ነበረን። ቀና ስትሉ የጦሳ ተራራ ይታያል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ቡድናችን ሰብሳቢ ነበረው፣ ነፍሱን ይማረውና። ማልያዎቻችንን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ቤቱ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ታጥብልናለች። ኳስ ሲተነፍስ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ወስዶ የሚያስለጥፈው እሱ ነው። ከኪሱ ነው የሚከፍለው። እንደ አባት እንወደው ነበር።

አንድ ጠዋት ስንመጣ ሜዳው ላይ ችካል ተተክሏል። ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አንደኛው ችካል ልክ ፔናልቲ የምንመታበት ቦታ ላይ ነበር። ማንም ምንም አላለንም፣ እኛም አልነቀልነውም። ለጥቂት ሳምንታት በችካሎቹ መሀል እየተጠማዘዝን ተጫወትን። ከዚያ የቆርቆሮ አጥር መጣ። ሰብሳቢያችን ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ሜዳው የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ አላችሁ?» አልነበረውም። ስንት ዓመት ተጫውተንበታል ማለት ማስረጃ አይደለም። ዛሬ ቦታው ላይ ሕንፃ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፔናልቲው የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እለካለሁ።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ።

ቼልሲ በ1905 የተመሠረተ ክለብ ነው። በ1955 የሊግ ዋንጫ በልቷል። በሰባዎቹ ግን አንድ ትልቅ ትሪቡን እሠራለሁ ብሎ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። በ1982 ቤትስ ክለቡን ሲገዛው የከፈለው አንድ ፓውንድ ነው። አንድ! ዕዳውን ግን አብሮ ተሸክሞታል። ክለቡ ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት ወደ ሦስተኛው ሊወርድ ትንሽ ቀርቶት ቦልተን ላይ ክላይቭ ዎከር ባገባት አንዲት ጎል ነው የተረፈው። ከዚያ በ1984 የዲቪዚዮኑ አንደኛ ሆኖ አደገ።

ልብ በሉልኝ። በዚያች አንድ ፓውንድ ቤትስ የገዛው ክለቡን ነው፣ ሜዳውን አይደለም። የስታምፎርድ ብሪጅ መሬት በሌላ ኩባንያ ስም ነበር። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ድርሻቸውን መሬት ለሚያለማ ድርጅት ሸጡ። ያ ድርጅት ኳስ ጉዳዩ አልነበረም። ቦታው ምዕራብ ለንደን ነው፣ ወርቅ ነው። ኳሱን አስወጥቶ ቤት ሠርቶ መሸጥ ነበር የሚፈልገው። ቼልሲ በገዛ ሜዳው ላይ ተከራይ ሆነ። ውሉ ሲያልቅ ውጣ ሊባል ነው።

ችካሉ ተተክሏል ማለት ነው።

ቤትስ እዚህ ጋ ያደረገውን ነው እኔ የማልረሳለት። አልወጣም አለ። ብሪጅን እናድን ብሎ ከደጋፊው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ፍርድ ቤት ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። በዓመታት ቆጥራችሁ ነው የምታስቡት። ነገረኛ ሰው ነው፣ ጠላቶቹም ወዳጆቹም በዚህ ይስማማሉ። ያኔ ግን ክለቡ የሚያስፈልገው ነገረኛ ሰው ነበር። በ1992 የመሬት ገበያው ሲወድቅ ባለመሬቱ ድርጅት አብሮ ወደቀ። መሬቱ ባንክ እጅ ገባ። ቤትስ ከባንኩ ጋር ተደራደረና ክለቡ እንዲቆይ፣ ቆይቶም መሬቱን መግዛት እንዲችል ተዋዋለ።

አሁን ጥያቄው እዚህ ነው። መሬቱ ሲገዛ በማን ስም ይሁን? እሱ ሊቀመንበር ነው፣ ሥልጣኑ በእጁ ነው። በራሱ ኩባንያ ስም ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል የያዝን ሕዝቦች ነን፣ ሌላ ነገር አንጠብቅም። እሱ ግን በ1993 ለደጋፊዎች አንድ ኩባንያ አቋቋመ። የቼልሲ ፒች ኦውነርስ ይባላል፣ የቼልሲ ሜዳ ባለቤቶች እንደማለት። አንዱ አክሲዮን 100 ፓውንድ ነበር። መምህሩም፣ ሹፌሩም፣ ጡረተኛውም ገዛ። በ1997 የሜዳው መሬት ለዚህ የደጋፊዎች ኩባንያ ተላለፈ። መግዣውን 10 ሚሊዮን ፓውንድ ክለቡ ራሱ አበደራቸው። ኩባንያው ደግሞ ሜዳውን ለ199 ዓመት ለክለቡ አከራየው፣ ለስም ያህል በሆነ ኪራይ። በዚያ ላይ «ቼልሲ ፉትቦል ክለብ» የሚለው ስም ከሜዳው ጋር ታሰረ። ክለቡ ያለ ደጋፊዎቹ ፈቃድ ሜዳውን ለቆ ቢሄድ ስሙን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ያ የቆርቆሮ አጥር ነው ትዝ ያለኝ። ካርታው በደጋፊው ስም። የእኛ ሰብሳቢ ማልያ ሰጠን፣ ኳስ ሰጠን፣ ፍቅር ሰጠን። ይህን አንድ ወረቀት ግን ማንም አልነገረውም።

ወረቀቱ እንደሚሠራ በ2011 ታየ። ያኔ አብራሞቪች ባለቤት ነው። ክለቡ መሬቱን ከደጋፊዎቹ መልሶ ለመግዛት ጠየቀ። ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። እንዲያልፍ 75 በመቶ ያስፈልገዋል። ያገኘው 61.6 በመቶ ነው። ወደቀ። በዓለም ላይ ካሉ ሀብታሞች አንዱ፣ 100 ፓውንድ ያዋጡ ሰዎች እንቢ ስላሉት ቆመ። ቤትስ ያኔ ከቼልሲ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ስለ ዋንጫዎቹ ብዙ አልልም፣ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ጉሊት፣ ቪያሊ፣ ዞላ የመጡት በእሱ ዘመን ነው። በ1997 በጉሊት አሰልጣኝነት የኤፍኤ ካፕ ተበላ። ቼልሲ ትልቅ ዋንጫ ካነሳ 26 ዓመት ሆኖት ነበር። ጉሊት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ትልቅ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። በ1998 የሊግ ካፕና የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጨመሩ፣ በ2000 ሌላ ኤፍኤ ካፕ። በሌላ በኩል ቤትስ ሜዳው አጠገብ ሆቴልና ሬስቶራንት እሠራለሁ ብሎ ክለቡን መልሶ ዕዳ ውስጥ ከቶታል። በ2003 ለአብራሞቪች ሲሸጥ ዋጋው ዕዳውን ጨምሮ 140 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ለራሱም ወደ 17 ሚሊዮን ደረሰው። በአንድ ፓውንድ ገዝቶ ማለት ነው። በዚህ የሚናደዱ አሉ። እኔ እዚህ ላይ ብዙ አልናደድም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አጥሩ።

በሰማንያዎቹ የእንግሊዝ ስታዲየሞች ረብሻ የበዛባቸው ነበሩ። የቼልሲ ደጋፊ ደግሞ በረብሻ ስሙ የወጣ ነበር። ይህን አልሸፋፍነውም፣ የራሴ ወገን ነውና። ፖል ካኖቪል ለቼልሲ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። በሚያዝያ 1982 ቤትስ በመጣ በሳምንታት ውስጥ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ተቀይሮ ሊገባ ሲያሟሙቅ የሰደቡት የተጋጣሚው ደጋፊዎች ሳይሆኑ የራሱ ክለብ ደጋፊዎች ነበሩ። ቆዳውን አንስተው ሰደቡት። እነዚያ ሰዎች ዛሬ እኔ የለበስኩትን ማልያ ነበር የለበሱት። እኔ ጥቁር ሆኜ፣ ደሴ ቁጭ ብዬ ይህን ክለብ ስወድ ያ ቀን ከልቤ አይጠፋም።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ ችግር ነበረበት፣ እውነት ነው። በ1985 የሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደጋፊው ሜዳ ገብቶ ረበሸ። ቤትስ ምን አደረገ? በደጋፊውና በሜዳው መሀል የኤሌክትሪክ አጥር አቆመ። ሰውዬው የወተት ላሞች እርሻ ነበረው። ላሞቹን የሚያግድበትን ዘዴ ነው ወደ ስታዲየም ያመጣው። እኛ አገር በረት በእሾህ ይታጠራል፣ ጓሮ በቁልቋል ይታጠራል። ሰውን በዚያ ማጠር ግን ማን ያስባል? የለንደን አስተዳደር ኤሌክትሪኩ እንዳይለቀቅ ከለከለ። አንድም ቀን ሳይበራ ቀረና ተነሳ።

«እንግዲህ አልበራም፣ ምን ጎዳ?» ይሉኛል። እኔ የምመልሰው በሂልስቦሮ ስታዲየም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 15፣ 1989 የሊቨርፑል ደጋፊዎች በአጥርና በሰው መሀል ተጣብቀው 97 ሰው ሞተ። የቤትስ አጥር አልነበረም፣ ኤሌክትሪክም አልነበረውም። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ደጋፊ ማለት የሚታገድ ነገር ነው የሚል ሐሳብ። አንድ ሊቀመንበር ያን አጥር ሲያቆም ስለ ደጋፊው ምን እንደሚያስብ ተናግሯል። ያው ሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሜዳውን ለዚያው ደጋፊ ሰጠ። እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው ብዙ አሰብኩ። አልታረቁልኝም። አንዱ ሌላውን እንዲሽር አልፈልግም።

የማቲው ሃርዲንግም ነገር አለ። ከልጅነቱ የቼልሲ ደጋፊ የነበረ ሀብታም ነው። ገንዘቡን ይዞ መጣ፣ የሰሜኑ ትሪቡን የተሠራው በእሱ ብድር ነው። ከጨዋታ በፊት ከተራው ደጋፊ ጋር ቢራ ይጠጣ ነበር። ከቤትስ ጋር ሥልጣን ላይ ተጋጩ። በ1995 ቤትስ ከክለቡ የቦርድ ክፍል አገደው። በጥቅምት 1996 ሃርዲንግ ከቦልተን ጨዋታ ሲመለስ ሄሊኮፕተሩ ተከስክሶ ሞተ። ትሪቡኑ በስሙ ተሰየመ። ቤትስ ግን ሰውዬው ከሞተ በኋላም ክፉ ተናገረበት። እኛ ዘንድ ለሙት እንዲህ አይባልም። ጠላትህ ቢሆን እንኳ ቀብር ሄደህ ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጣለህ። ይህን ከክለብ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ሊቀመንበር ለክለቡ ሰው እንዴት እንደሚናገር የክለቡም ጠባይ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን ሊድስ። ወንድሜ፣ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ።

ሊድስ በ2001 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነው። በብድር ነበር የደረሰው። በ2004 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ዕዳ ለመክፈል ሜዳውን ኤላንድ ሮድን ሸጦ መልሶ ተከራየው። ቤትስ በጥር 2005 ሲመጣ ነገሩ የሚያውቀው ነበር። ዕዳ ያለበት ክለብ፣ ሜዳው በሰው እጅ። ቼልሲ ላይ ለዓመታት የታገለው ለዚህ አልነበር? የሊድስ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ስምንት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በ2012 ክለቡን ሲሸጥ ሊድስ ያው ተከራይ ነበር። ሜዳው ወደ ክለቡ የተመለሰው በ2017 በሌላ ባለቤት ጊዜ ነው።

መሀሉ ደግሞ ይብሳል። በግንቦት 2007 ክለቡ ዕዳ መክፈል አቅቶት ለከሰረ ድርጅት በሚሾም አስተዳዳሪ እጅ ገባ። አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወረደ። ክለቡን መልሶ የገዛው የቤትስ ወገን ራሱ ነው። ዕቃ ያቀረቡ፣ አገልግሎት የሰጡ አበዳሪዎች ከፓውንዱ ጥቂት ሳንቲም ነው የተረፋቸው። በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ሌላ አሥራ አምስት ነጥብ ተቀነሰ። ዜሮ እንኳን ሆነው አልጀመሩም፣ ከዜሮ በታች ነው የጀመሩት። የሊድስ ደጋፊ ግን በዚያም ጊዜ ስታዲየም ይመጣ ነበር። በጥር 2010፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሆነው፣ ኦልድ ትራፎርድ ሄደው ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸነፉ። የማንቼ ደጋፊዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መጥቀስ ነበረብኝ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ለዓመታት ክለቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ባለቤትነቱ ባሕር ማዶ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ጀርባ ነበር። በ2011 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ሳይቀር ጠየቀ። በዚያው ዓመት ነው ቤትስ «እኔ ገዛሁት» ብሎ የወጣው። አስቡት። ለቼልሲ ደጋፊ የሜዳውን ካርታ በእጁ የሰጠ ሰው፣ ለሊድስ ደጋፊ የክለቡን ባለቤት ስም እንኳ አልነገረውም።

ለምን? እኔ የራሴ ግምት አለኝ። ቼልሲን ሲይዝ ወጣት ባይሆንም ጉልበት ነበረው፣ የሚያጣውም ነገር ነበረው። ሜዳው ከተወሰደ እሱም አብሮ ተወሰደ። ሊድስ ሲደርስ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ነዋሪነቱም ሞናኮ ነው። ሰው በሩቅ ሆኖ ክለብ ሲይዝ ክለቡ ሒሳብ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። እኛ ሊቀመንበር አንልም፣ የቦርድ ሰብሳቢ ወይም የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው የምንለው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ሰብሳቢውም ብዙ ጊዜ ከሹመቱ ጋር የመጣ ሰው ነው። ሹመቱ ሲነሳ እሱም ይነሳል። ስለዚህ ውርሱን የሚመዝን የለም። አዲሱ ይመጣል፣ አሰልጣኝ ይቀይራል፣ ማልያ ይቀይራል። «ምን ትቶ ሄደ?» ተብሎ አይጠየቅም። ከተጠየቀም «ስንተኛ ወጣን?» ነው የሚባለው።

ወልዲያን ተመልከቱ። በእኛ አቆጣጠር በ2009 ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ክለቡ ያኔ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። በ2010 ወረደ። ደረጃ እንዲህ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ስታዲየሙ ግን ከተማው ውስጥ አለ። ለዚህ ነው የክለብ ኃላፊ ሲሄድ ከነጥብ በፊት ስለ ቦታ የምጠይቀው። ልጆቹ የሚለማመዱበት ሜዳ በማን ስም ነው? ወረቀቱ የት ነው የተቀመጠው? ደጋፊው በምን ተመዝግቧል? ውሳኔ ላይ ድምፅ አለው ወይስ ትኬት ብቻ ነው ያለው?

ቼልሲ በ2022 እንደገና ተሸጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች ሜዳውን እናስፋ ወይስ ሌላ ቦታ እንሂድ እያሉ ሲያስቡ፣ ሳይጠይቋቸው የማያልፉት እነዚያን ባለ 100 ፓውንድ ሰዎች ነው። መሬቱ ዛሬም በስማቸው ነው።

እኔ ከቤትስ ጋር ያለኝን ተናገርኩ። ሜዳውን ስላዳነ አመሰግነዋለሁ። ስለ አጥሩና ስለ ሃርዲንግ አላመሰግነውም። ስለ ሊድስ ግን መፍረድ የእኔ አይደለም፣ የተበደለው እዚህ አለ። ያን ቅዳሜ ሳልሰማው ነው የወጣው።

ወንድሜ፣ ና ወደዚህ። ማይኩን አቀብሉት።